የድምፁ ቁጥር

እማዬ ስትደውል መጀመሪያ የምሰማው የእሷን ድምፅ አይደለም። ከኋላዋ የሚጮኸውን ሰውዬ ነው። «ሰበር ዜና!» ይላል። ከዚያ እማዬ «ሄሎ» ትላለች። ሰበር ዜናው መቼም አይጠፋም። በቀን አስር ጊዜ እየተሰበረ እንዴት እንደማያልቅ ይገርመኛል።

«ዛሬ ስንት ላይ ነው?» እላታለሁ።

«46።»

በእኔና በእሷ መካከል ያለ ቋንቋ ነው። የቴሌቪዥን ድምፅ ስትጨምሩ ከታች አረንጓዴ መስመር እየረዘመ ቁጥር ይጽፋል አይደል? እሱ ነው። ድሮ አባዬ ዜና የሚሰማው 18 ላይ ነበር። 20 ካለፈ «ጎረቤት ይረበሻል» ይላል። አሁን ጆሮው ደክሞ እንዳይመስላችሁ። ተመርምሯል፣ ደህና ነው። እማዬ የቀኑን አየር የምትለካው በዚህ ቁጥር ነው። 30 ከሆነ ሰላም አለ። 40 ካለፈ ምሳ ላይ ማንም አፉን ባይከፍት ይሻላል።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ኦዲተር ነበር። የሰው ሒሳብ ሲመረምር ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ሙያው ደግሞ ማታ አብሮት ቤት ይገባል። ልጆች ሆነን እህቴ እየሮጠች ሄዳ «አባዬ፣ ብርጭቆውን የሰበረችው እሷ ናት!» ስትለው፣ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ ከመነጽሩ በላይ እያያት፣ «ደረሰኙ የታለ?» ይላታል። ማስረጃሽ ምንድን ነው ማለቱ ነው። ከዚያ እኔን ይጠራኛል። የእኔንም ይሰማል። ብዙውን ጊዜ የሰበርኩት እኔ ነበርኩ፤ ግን ደረሰኝ ስለማይገኝ በነጻ እለቀቃለሁ። ወሬ ይዞ የመጣ ዘመድ እንኳን ደረሰኝ ይጠየቅ ነበር። አንዷ አክስታችን በዚህ የተነሳ ለሁለት ዓመት አኩርፋን ነበር።

ያንን ሰው ነው ያጣሁት። አልሞተም። ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

መቼ እንደጀመረ ብትጠይቁኝ ቀን አልጠቅስላችሁም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ጡረታ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው ቤቱ ጭር እንዳይል ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ቻናል ላይ ቆመ። ከዚያ እዚያው ቻናል ላይ ካሉት መሃል አንድ ሰውዬ ላይ ቆመ። ስሙን አልጠራውም፤ በነጻ ማስታወቂያ አልሰራለትም። እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ የሚወጣ ዓይነት ነው። ካሜራው ላይ ያፈጥጣል። «ወገኔ» ይላል። «ይህን ሌላ ማንም አይነግርህም» ይላል።

መጀመሪያ የተለወጠው አነጋገሩ ነው። አባዬ በሕይወቱ ብሎት የማያውቀው ነገር ከአፉ መውጣት ጀመረ። «ተላላኪ»፣ «ሴረኛ»፣ «ከጀርባ ያለው እጅ»። ማታ ሰውዬው ሲናገር ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ አባዬ ምሳ ላይ ያለንን ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተሉ አገኘሁት። ድጋሚ ስርጭት ነበር። ጠዋት የሰማውን ነው ለካ ምሳ ላይ የነገረን።

ቀጥሎ «እነሱ» መጣ። እነሱ እነማን እንደሆኑ ቁርጡ አይታወቅም። አንድ ሰሞን ፖለቲከኞች ናቸው። ሌላ ሰሞን ደጋፊዎቻቸው። ሄዶ ሄዶ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ጋ ደረሰ። ከእሱ ጋር ለሃያ ዓመት መሰላል ሲዋዋሱ ነው የኖሩት። አንድ ቀን አባዬ መሰላሉን ሰው ልኮ አስመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቆጥ ላይ ተጋድሞ አቧራ ይጠጣል። አባዬ መሰላል መውጣት ካቆመ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1956 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል የሚባሉ ተመራማሪዎች ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው አቅራቢውን እንደ ወዳጁ እንደሚቆጥረው ጻፉ። ቴሌቪዥን ገና ጨቅላ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ተመልካቹ ሰውዬውን «ያውቀዋል»። ጠባዩን፣ ቀልዱን፣ ሲናደድ የሚያሳየውን ፊት ያውቃል። ሰውዬው ግን እሱ በሕይወት መኖሩንም አያውቅም። የአንድ ወገን ወዳጅነት ነው።

አባዬ ይህን ወዳጁን በቀን ስድስት ሰዓት ያየዋል። እኛን ልጆቹን ያኔ የሚያየን በሁለት ሳምንት አንዴ ነበር። ስንደውልም «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ነው ወሬያችን። ሰውዬው ግን «ይህን አገር ያቀናኸው አንተ ነህ፣ ዛሬ ግን ሊንቁህ ይፈልጋሉ» ይለዋል። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትሰማላችሁ?

ብቸኝነት ነው እያልኩ ነበር ለሰው የማስረዳው። ጥሩ ማብራሪያ ይመስላል፣ አዋቂም ያስመስላል። አንድ ቀን በስልክ ለጓደኛዬ ይህንኑ ስተነትን እማዬ ሰማችኝና ሳቀች። «እኔስ? እኔ እዚሁ ቤት አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያው ግድግዳ፣ ያው ሶፋ፣ ያው 46። እሷ ግን አልተለወጠችም። «ታዲያ አንቺ እንዴት ዳንሽ?» ብላት፣ «ኧረ እኔ ሥራ አለብኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ብቸኝነት ነው ማለት አቁሜያለሁ። ምን እንደሆነ ግን በአንድ ቃል ልነግራችሁ አልችልም።

የሰዎቹን ክፋት አጋንኜም ማውራት አልፈልግም። ገሚሱ ሒሳብ ነው። ሲኤንኤን በ1980 ሲከፈት 24 ሰዓት ዜና የሚባል ነገር ብርቅ ነበር። 24 ሰዓት ደግሞ መሞላት አለበት። ጋዜጠኛ ልኮ፣ ሰነድ አገላብጦ፣ ምንጭ አመሳክሮ ዜና መሥራት ውድ ነው። አንድ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስጮህ ርካሽ ነው። የተናደደ ሰው ደግሞ ቻናል አይቀይርም።

አሜሪካ ውስጥ ከ1949 ጀምሮ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሱ የተለያየ ሐሳብ እንዲያስተናግዱ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። በ1987 ተሻረ። በዓመቱ የወግ አጥባቂው አቅራቢ የረሽ ሊምቦ የሬዲዮ ፕሮግራም በመላው አገሪቱ መሰራጨት ጀመረ። በ1996 ፎክስ ኒውስ እና ኤምኤስኤንቢሲ የሚባሉት የኬብል ዜና ጣቢያዎች በወራት ልዩነት ተከፈቱ። (ደንቡ የኬብል ጣቢያዎችን አይመለከትም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመሻሩ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ድሮ ቢሆን አባዬ ይህን ቅንፍ ይወድልኝ ነበር።) ዛሬማ ጣቢያም አያስፈልግም። ስልክና ደህና ጉሮሮ ይበቃል።

አንድ ቀን «ይህን ያለው እሱ ብቻ ነው» ብዬ ስከራከረው፣ አባዬ «በየቀኑ እየተነገረ እንዴት ውሸት ይሆናል?» አለኝ። ደነገጥኩ። ሥራ ስጀምር ያስተማረኝ እሱ ነዋ! «አንድን ደረሰኝ ሦስት ጊዜ ኮፒ ብታደርጊው ሦስት ወጪ አይሆንም» ብሎኛል። በ1977 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ተማሪዎችን በየሁለት ሳምንቱ፣ ሦስት ጊዜ እየሰበሰቡ፣ እውነትም ሐሰትም የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን እያስነበቡ ምን ያህል እንደሚያምኗቸው ጠየቋቸው። እየተደጋገሙ የመጡት፣ ውሸቶቹ ሳይቀሩ፣ በየዙሩ ይበልጥ እየታመኑ ሄዱ። የተማረ ሰው አይሸወድም የምንለው ነገር አጉል ነው። ኮፒውን እንደ አዲስ ደረሰኝ ይቆጥረዋል ጭንቅላታችን።

የእህቴ ባል ጠጋኝ ዓይነት ሰው ነው። የላላ ብሎን ካየ ኪሱ ይገባል፣ መፍቻ ያወጣል። ያንን ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የሰቀለውም እሱ ነው። ውሃ ልኩን ይዞ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። አባዬ መሰላሉን ይዞለት ቆሞ ነበር። ይወደው ነበር አባዬ፣ ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ነበር የሚያወራው። ችግሩ፣ አማቻችን በቻናሉ አቆጣጠር «ከእነሱ» ይመደባል።

መጀመሪያ ጉብኝታቸው አጠረ። ሙሉ እሁድ የነበረው እስከ ምሳ ሆነ፤ ከዚያ ምሳ ቀምሶ መሮጥ ሆነ። በ2018 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ሳነብ እነሱን ነው ያሰብኩት። ኪት ቼን እና ራይን ሮህላ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በዋለው የምስጋና በዓል ሰዎች የት እንደዋሉ ስልካቸው በመዘገበው መረጃ ተከታተሉ። ሌላውን ፓርቲ ወደሚደግፍ አካባቢ፣ ዘመድ ቤት የሄዱት፣ እራቱን ከሌሎቹ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ቀድመው ጨርሰው ወጥተዋል። የምርጫ ማስታወቂያ በብዛት በተለቀቀባቸው ቦታዎች ደግሞ ይብስ ነበር። ማንም አልጮኸ ይሆናል። ብቻ ሰዓት እያዩ ነበር።

የእኛ ቤት ግን እዚያ ላይ አላቆመም። አንድ እሁድ፣ ሰውዬው ከኋላችን እየጮኸ፣ አባዬ የሰማውን ደገመልን። አማቻችን አንገቱን ሰበር አድርጎ «አባባ፣ እኔ እንኳን ሌላ ነው የሰማሁት» አለ። ይኸው ነው ያለው። አባዬ ወደ እሱ ሳይዞር «አንተማ ሌላ ነው የምትሰማው። እዚህ ያደረሳችሁን አንተና መሰሎችህ አይደላችሁ?» አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አማቻችን ምንም አልመለሰም። ናፕኪኑን አጣጥፎ ሳህኑ ጎን አስቀመጠና ቁልፉን አነሳ። እህቴ ልጆቹን ጫማ ማጫማት ጀመረች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የትንሹን ማሰሪያ ማሰር አቃታት። ተሸክማው ወጣች። በሩ ሲዘጋ አንድ እግር ጫማ ምንጣፉ ላይ ቀርቶ ነበር። ሰማያዊ፣ ቁጥር 26።

እማዬ ጫማውን ጠርጋ በሩ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። እንልከዋለን አልን። አላክነውም። ሁለት ዓመት አለፈ።

ሻንቶ አየንጋር የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያነጻጸረው አንድ መጠይቅ አለ። ልጅህ ከሌላው ፓርቲ ደጋፊ ጋር ቢጋባ ቅር ይልሃል? ይላል። በ1960 አዎ ያሉት አሜሪካውያን ከሁለቱም ፓርቲ ከመቶ 5 ቢሆኑ ነው። በ2010 ከዴሞክራቶቹ ሲሶው፣ ከሪፐብሊካኖቹ ግማሹ አዎ አሉ። የእኛ ቤት ጋብቻው ካለቀ፣ ሁለት ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው ቅር የተባለው።

እኔ ምን አደረግኩ? ተዋጋሁ። ሊንክ ላክሁ። ወሬው እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያጣራ ጽሑፍ ላክሁ። ቢጫ ያቀለምኩበት ሰነድ በቴሌግራም ላክሁ። አባዬ መልሱ አንድ ነው፦ «ማን ከፍሏቸው?» በመጨረሻ «አንድ ሳምንት ብቻ ሌላ ቻናል እይልኝ» ብዬ ለመንኩት። ከየትም ያመጣሁት ሐሳብ አይደለም። በመስከረም 2020 ዴቪድ ብሩክማን እና ጆሹዋ ካላ ወግ አጥባቂውን ፎክስ ኒውስ አዘውትረው ለሚያዩ ሰዎች በሰዓት 15 ዶላር ከፍለው ለአንድ ወር ሲኤንኤን እንዲያዩ አድርገዋል። ሰዎቹ አዲስ ነገር አወቁ፤ በአንዳንድ ጉዳዮች አቋማቸውም ፈቀቅ አለ። እኔ እዚህ ድረስ አንብቤ ነው በደስታ የዘለልኩት። ቀጥሎ ያለውን ኋላ አነበብኩት። ወሩ ሲያልቅ ሰዎቹ ወደ ለመዱት ተመለሱ፤ ለውጡም በአብዛኛው ተነነ።

አባዬ ሦስት ቀን አየልኝ። እጁን አጣምሮ፣ ማስታወሻ ደብተር ጭኑ ላይ አድርጎ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ «ስምንት ስህተት አግኝቼባቸዋለሁ» አለኝ። አንድ በአንድ አነበበልኝ፣ ሰዓቱን ጭምር። ተናድጄ ቁጭ ብዬ አመሳከርኩ። ሦስቱ እውነትም ስህተት ነበሩ። አምስቱ ግን የሚጠላውን ነገር ስለተናገሩ ብቻ ስህተት ያላቸው ናቸው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ1985 ያሳተሙት ነገር ይህንን ነው። እስራኤልን የሚደግፉና ዓረቦችን የሚደግፉ ተማሪዎች በ1982 ቤይሩት ውስጥ በፍልስጤም ስደተኞች ላይ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ አንድ ዓይነት የዜና ዘገባ አዩ። ሁለቱም ወገን «ዘገባው በእኛ ላይ ያደላ ነው» አለ።

እኔ ግን ከስምንቱ ስህተት ይልቅ ደብተሩ ነበር ያስደሰተኝ። ኦዲተሩ አለ! «በል እንግዲህ፣ አንድ ምሽት ብቻ የራስህንም ቻናል እንደዚሁ መርምርልኝ» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ፣ ኮስተር ብሎ፣ «ዘመዱን ኦዲት የሚያደርግ አለ?» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። የሙያው ሕግ ነው። የዘመድህ መሥሪያ ቤት ከደረሰህ ፋይሉን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ። አባዬ ሕጉን አልጣሰም። ዘመዱ የተቀየረ ለታ ነው ነገሩ ያለቀው። ሰውዬው ዘመድ ሆኗል፤ ስለዚህ አይመረመርም። አማቻችን ባዳ ሆኗል፤ ስለዚህ ያለ ደረሰኝ ይፈረድበታል። የፖለቲካ አቋሙንማ ተዉት። እዚያ ላይ ድሮም ሁሌ አንስማማም ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? በዚያው ሰሞን የአባዬን ሰውዬ የሚያብጠለጥል አንድ ገጽ እከታተል ነበር። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ እሱን ነው የማየው። ንግግሩን ቆራርጠው፣ ሙዚቃ ጨምረው፣ መሳቂያ ያደርጉታል። አንጀቴ ይርሳል። አንድ ማታ በጣም አሳፋሪ ነገር ሲናገር የሚያሳይ 14 ሰከንድ ቪዲዮ አገኘሁና ለቤተሰቡ ግሩፕ ለቀቅኩት። ከሥሩ የጻፍኩትን እዚህ አልደግመውም። አክስቴ ያኔውኑ ግሩፑን ለቃ ወጣች። ደረሰኝ ያስኮረፋት አክስት ናት፣ ግን አሁን ከአባዬ ወገን ናት።

ባለቤቴ ቪዲዮውን አየና «ሙሉውን አይተሽዋል?» አለኝ። አላየሁትም። ፈልገን አየነው። ያንን አሳፋሪ ነገር የተናገረው ሌላ ሰው ብሎታል ብሎ ለመንቀፍ ነው። «ብሏል» የሚለው ቃል ላይ ነው የቆረጡት። ሰውዬው ብዙ ውሸት ይዋሻል፣ አሁንም እላለሁ፤ እሱና ያ ገጽ እኩል ናቸው የሚለኝ ካለ አልስማማም። ያንን ውሸት ግን እሱ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። «ስልክሽን ይዘሽ ስትናደጂ ቁርጥ አባትሽን ትመስያለሽ» አለኝ ባለቤቴ። ለሁለት ቀን አላናገርኩትም።

ግሩፑ ላይ «ያ ቪዲዮ የተቆረጠ ነው፣ ሳላጣራ ነው የላክሁት» ብዬ ጻፍኩ። ማንም ምንም አላለም። አባዬ አይቶታል፤ ምልክቱ ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ሊንክ አልክም። ታክቲክ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። መደወሉን ግን አበዛሁት። ስለ ቧንቧ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ምንም። ባለፈው ወር የትንሿ ድርጅቴ የዓመት ሒሳብ አልገጥም አለኝና ካርቶኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ 46 ላይ ነበር። አባዬ ካርቶኑን አየው። «ምንድን ነው ይሄ የወፍ ጎጆ?» አለኝ። መነጽሩን ቀየረ፣ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አመጣ፣ ጠረጴዛው ላይ በየወሩ ደረደራቸው።

አንድ ሰዓት ያህል ሠራን። ሰውዬው ከኋላችን ይጮሃል። አባዬ የአንዱን ገጽ ድምር ሦስቴ ሳተና ሦስቴ ከላይ ጀመረ። አራተኛው ላይ ሪሞቱን አነሳ። አረንጓዴው መስመር ማጠር ጀመረ። 40። 31። 24። 18 ላይ ቆመ። አላጠፋውም። እማዬ ከጓዳ አንገቷን ብቅ አድርጋ ምን ተበላሸ በሚል ዓይን አየችኝ።

«የዚህ ደረሰኝ የታለ?» አለ፣ ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አድርጎ። ካርቶኑ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ስፈልግ፣ እሱም ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «የዚያ ልጅ እግር አሁን ስንት ቁጥር ሆኖ ይሆን?» አለኝ።

ለእህቴ ጻፍኩላት። አየችው። ብዙ ቆየች። መጻፍ ትጀምራለች፣ ታቆማለች። ከዚያ ላከችልኝ።

«29» አልኩት።

እስክሪብቶውን አንስቶ ከደረሰኞቼ የአንዱ ጀርባ ላይ ጻፈው።